የጠፍሩ ልክ

ባለፈው ቅዳሜ ብቸና ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ የነበርነው እነዚህ ነን። ርዕሰ መምህሩ ከመድረኩ ሥር ቆመው ነበር። ከደብረ ኤልያስ ተዛውራ የመጣችው የሥነ ጥበብ መምህርት ከኋላቸው ግድግዳውን ተደግፋለች። ተማሪዎቹ በስተግራ በሁለት ረድፍ፣ ወላጆች በሩ አጠገብ ቆመዋል። እኔና ሌሎች ሁለት አረጋውያን ከፊት ወንበር ተሰጥቶን ተቀምጠናል። መካከል ላይ የቀድሞ ተማሪዎች የላኩት የኤሌክትሪክ ፒያኖ በአንሶላ ተሸፍኖ ነበር።

አንሶላው ሲነሣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ተቀመጠች። ከመጀመሯ በፊት እጇን ዘርግታ፣ ከአውራ ጣቷ እስከ ትንሿ ጣቷ ስንት ቁልፍ እንደምትይዝ ለካች። ከዚያ በኋላ የተጫወተችውን በደንብ አልሰማሁትም።

እኔ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን የተማርኩት ሞጣ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ባለቤት እትዬ ሐና የአሥመራ ሰው ነበሩ። ከልጅነታቸው ፒያኖ ተምረው፣ በትልልቅ አዳራሽ ሕዝብ ፊት ለመጫወት ሲዘጋጁ ትዳር መጣና ከባላቸው ምድብ ጋር መዞር ሆነ ኑሯቸው። ፒያኗቸው በጭነት መኪና ዓባይ ድልድይን ተሻግሮ ሞጣ ድረስ ተከትሏቸዋል። መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩት አክስቴ የላከችውን እርጎ ላደርስ ነበር። ድምፁን ስሰማ ዕቃውን እንደያዝኩ በር ላይ ቀረሁ።

«አስቀምጪውና ነይ» አሉኝ። «በእርጎ እጅ ግን አይነካም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት ስወጣ እሳቸው ዘንድ ነበርኩ። ቁጡ ነበሩ። እጄን ካየሁ መጽሐፍ አምጥተው በዓይኔና በጣቶቼ መካከል ይጋርዱብኛል። «ገበያ ስትሄጂ እግርሽን እያየሽ ነው የምትሄጂው? እጅሽ መንገዱን ይልመድ» ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ እጄ መንገዱን ለመደ።

ስምንተኛን እንደጨረስኩ የባላቸው ዝውውር መጣ። አባቴ ከብቸና ሊወስዱኝ የመጡት በዚያው ሰሞን፣ በሐምሌ ዝናብ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዜማ ያስተምራሉ። እትዬ ሐና አስጠርተው «መሪጌታ፣ ይህቺ ልጅ ለከርሞ አዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ትፈተን፤ እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ» አሏቸው።

አባቴ የኖታውን ወረቀት ብዙ ጊዜ አዩት። «ይህማ ምልክት ነው» አሉ። «እኛም ከፊደሉ በላይ እንጽፋለን።»

«ታዲያ ዓመቱን ያለ ፒያኖ በምን ትለማመዳለች?»

«የእኔ ተማሪዎች ጸናጽል ሳይነኩ ስንት ዓመት ይቆያሉ። በእንጨት አሠራላታለሁ፤ ልኩን ብቻ ልውሰድ።»

የቤቱ ዕቃ ሁሉ ታስሮ ስለነበር ሜትር አልተገኘም። አክስቴ ቤት አልጋ ሊታታ የበሬ ቆዳ ጠፍር ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነበርና አባቴ ከገንዳው አንዱን መዘው መጡ። እትዬ ሐና አንዱን ጫፍ ያዙ፤ አባቴ ቁልፎቹ ላይ ዘርግተው በየቁልፉ ድንበር በቢላ ጫፍ ጫር ጫር አደረጉበት። ጠቅልለው አኮፋዳቸው ውስጥ ከተቱት። ጭቃውን በበቅሎ ወጥተን ግንደወይን አደርን፤ በማግስቱ ብቸና ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር።

እንጨቱን የቤተ ክርስቲያኑ አናጢ ከዋንዛ ጠረበው። ጥቁሮቹን ቁልፎች አባቴ በሚጽፉበት ቀለም ራሳቸው ቀቧቸው። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ገብተው አዩና «መሪጌታ፣ ልጅዎን አዝማሪ ሊያደርጉልን ነው እንዴ?» አሉ።

«አይ፣ መሰንቆ ድምፅ አለው» አሉ አባቴ። «ይኼ ያው እንደሚያዩት ነው፤ ጎረቤት አይረብሽም።»

አንድ ዓመት በዚያ እንጨት ላይ ሠራሁ። ጣቶቼ ሲወርዱ ዶሮ ጥሬ የምትለቅም ይመስል ነበር። አባቴ ተማሪዎቻቸውን ሲያሰናብቱ መጥተው ከፊቴ ይቀመጣሉ።

«ዛሬ አልተሳሳትሽም» አሉኝ አንድ ቀን።

«በምን አወቁ አባባ?»

«ፊትሽን አይቼ።»

ለፈተናው አብረን በአውቶቡስ ሄድን። ዓባይ በረሃ ሙቀቱ ሲጸናብን ከኮዳ ውሃ በሶ በጠበጡልኝ። ከበረሃው ስንወጣ የጤፉ ቡቃያ ገና ለጋ ነበር።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ አባቴ ከደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እንደተማርኩት ዓይኔን ከእጄ አንሥቼ ጀመርኩ። ግራ እጄ ርቆ በዘለለ ቁጥር አንድ ቁልፍ ሳይደርስ ይወድቃል። «ደግመሽ ሞክሪ» አሉኝ። ደገምኩ፤ ያው ሆነ። ሦስተኛ ላይ አቆምኩና እጄን ዘረጋሁ። በእንጨቱ ላይ ዘና ብሎ ዘጠኝ የሚይዘው እጄ እዚህ ስምንት ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ጠፍሩ ትዝ አለኝ። ጠፍር ሲደርቅ ይሰበሰባል። አልጋ የሚታታውም ረጥቦ ነው፤ ሲደርቅ እንዲወጠር። እኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። አባቴም፣ አናጢውም፣ እኔም እናውቅ ነበር፤ አንዳችንም አላሰብነውም።

«በምን ነበር የምትለማመጂው?» አለችኝ አንዷ ፈታኝ።

ብመልስ አባቴ ይሰማሉ። «እጄ ነው፤ አይደርስም» አልኩ።

«ጣቶችሽ ግን ጥሩ ናቸው። ለከርሞ ተመለሺ» አለችኝ።

ስወጣ አባቴ ተነሡ። «ምን አሉሽ?»

«እጅሽ ትንሽ ነው አሉኝ።»

እጄን ወስደው መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት። «የእናቴ እጅ ነው» አሉ። «በእኔ በኩል ነው የመጣብሽ።»

በዓመቱ «እጅ እኮ ያድጋል፤ እንሂድ?» አሉኝ። ይቅርብኝ አልኳቸው። ትምህርቴን ጨርሼ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ገባሁ፤ ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሠራሁ። አባቴም ጥፋቱ የእጄ እንደሆነ እያመኑ ሞቱ።

አሁን ሳስበው፣ አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ስሕተት በማረም ነው። ተማሪ እሳቸውን ሲያርምም አይቻለሁ፤ «እውነትህን ነው» ብለው ከመነሻው ይጀምሩ ነበር። ብነግራቸው ኖሮ በዚያው ሳምንት ሌላ እንጨት ያስጠርቡ ነበር። ከሐዘን ያዳንኳቸው መስሎኝ፣ የማይታረም ነገር ሰጠኋቸው።

ልጅቷ ጨርሳ ተጨበጨበ። ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረው «እማማ፣ ይመርቁልን» አሉ።

«እደጊ፤ እጅሽን ይባርከው» አልኳት።

ልጅቷ ጉልበቴን ሳመችና «እማማ፣ እርስዎም ፒያኖ ያውቃሉ እንዴ?» አለችኝ።

«አላውቅም ልጄ» አልኳት። ምርኩዜን አንሥቼ ወጣሁ።