ባለ ዊጓ ውሽማ

የዚያን ቅዳሜ አትላንታ ላይ ሙቀቱ ከብዶ፣ ዝናቡም እመጣለሁ እያለ ሳይመጣ ዋለ። ፓይን ሌክ አጠገብ ሐበሾች ለእንቁጣጣሽ በተከራዩት አዳራሽ ሰው በወረቀት ፊቱን እያራገበ ይጠብቃል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1986 መሆኑ ነው። የነርስነት ተማሪዋ ኤልፍነሽ ከፊት ተቀምጣለች፤ እጮኛዋ ተገኝ ቲያትር ይሠራል ተብላ ነው የመጣችው።

ተገኝ መሀል ከተማ የሰው መኪና ፓርክ እያደረገ የሚያድር፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። ሽማግሌ ልኮ ካጫት ወዲህ ከ«ደህና ነሽ?» ያለፈ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ቁጥብ ነው ተብሎ የተመሰገነውም በዚሁ ነበር።

መጋረጃው ሲከፈት ቁጥቡ ልጅ ሚስቱን ገበያ ልኮ ውሽማውን አስገባ። ውሽማ ሆና የምትሠራ ሴት ስለጠፋች ታክሲ ነጂው ወንዳፍራሽ ዊግ ደፍቶ፣ ጢሙን በፓውደር ሸፍኖ ቀረበ። ተገኝ ተንበርክኮ፣ «አንቺን ሳላይ ያደርኩ እንደሆነ ሌሊቱ አይነጋልኝም» አለው። ሚስት ስታንኳኳ ውሽማውን ፍሪጅ ውስጥ ሊከት ሲታገል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሽምግልናውን የመሩት አቶ ገብረሕይወት እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ «ይሄ ልጅ ለካ ጉድ ነው» አሉ። ያልሳቀችው ኤልፍነሽ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ ቀለበቱን መለሰች። እንዲህ መዋሸት የሚችል ሰው አላገባም አለች።

ከዚያ ወዲህ ስልክ ሥራ አልፈታም፤ ቲያትሩን ያየውም ያላየውም ስለ ተገኝ ውሽማ አወራ። በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቹ ተገኝንና ኤልፍነሽን ሊያስታርቁ ፊታቸው አስቀምጠው አቶ ገብረሕይወት ሳሎን ተሰየሙ። ያ ሁሉ ሲስቅ የነበረ ፊት ተኮሳትሯል። ወንዳፍራሽም ነገሩ ይመለከተዋልና ተጠራ፤ ያለ ዊጉ።

«ከዚህ ሰው ጋር ምን ነበራችሁ?» አሉ አቶ ገብረሕይወት።

ተገኝ መሬት መሬት እያየ፣ «ልምምድ፣ ጋሼ» አለ።

«ስንት ጊዜ?»

«ማክሰኞ ማክሰኞ።»

ከጎናቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ጊዜ ቢሆን ስሕተት ነው ባልን።»

ወንዳፍራሽ አላስቻለውም። «አባቶቼ፣ እኔ እኮ የሦስት ልጆች አባት ነኝ።»

«ይባስ ብሎ ባለ ትዳር!» አሉ አቶ ገብረሕይወት።

ይሄኔ ኤልፍነሽ ተነሣች። «ጋሼ፣ እኔ በወንዳፍራሽ አልቀናሁም። ግን ያን ሁሉ ቃል ለእሱ ካፈሰሰ ለእኔ ለምን ይሰስታል? አንዱን ብቻ እዚሁ እርስዎ ፊት ይበለኝ፤ ቀለበቱን አደርጋለሁ።»

ሁሉም ወደ ተገኝ ዞረ። እሱ ቀስ ብሎ ወንዳፍራሽን አየ።

«ምን ነበር የምለው?»

ቲያትሩን የጻፈው ወንዳፍራሽ ነበርና ልማድ ሆኖበት በሹክሹክታ አቀበለው። ተገኝ «አንቺን ሳላይ…» ብሎ እዚያው ቀረ።

ኤልፍነሽ ተመለከተችው። ይህ ሰው ሊዋሽ ቢያምረው እንኳ ቃል የሚያቀብለው ሊቀጥር ነው። ከዚህ የበለጠ ዋስትና ያለው ባል እንደማታገኝ ገባት፤ ከዚህ የበለጠ አፍ ያለውን እንዳትፈልግ ደግሞ የነርስነት ፈተናዋ ደርሶ ጊዜ የላትም። እጇን ዘረጋች፤ ተገኝ ቀለበቱን አጠለቀላት።

ሽማግሌዎቹ ግን ለከንቱ አልተሰበሰቡምና ፈረዱ፤ ተገኝ ዳግመኛ መድረክ እንዳይወጣ፣ ወንዳፍራሽም ሚስቱን ይቅርታ እንዲጠይቅ።

ኤልፍነሽ ዛሬ አትላንታ አጠገብ ማሪዬታ ከተማ ነርስ ናት። ከተገኝና ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር ሊልበርን ትኖራለች።