ከበቆጂ መልስ

አሁንም ድረስ፣ ብርድ ባለበት ጠዋት አንድ አሮጌ መኪና ተነስቶ ከሆዱ «ጭክ፣ ጭክ፣ ጭክ» የሚል ደረቅ ድምፅ ሲያወጣ ከሰማሁ፣ በያዝኩት ሥራ ላይ እጄ ይቆማል። ድምፁ የሚቆየው ሞተሩ እስኪሞቅ ብቻ ነው፤ ብረቱ ሲግል ይጠፋል። በልጅነቴ፣ አሰላ፣ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ይኸው የአባቴ ጂፕ ድምፅ ነበር።

አባቴ ሾፌር ነበር። ጂፒቱን ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ላይ አርጅታ ሳለች ገዝቷት፣ ጣሪያዋንና ጎኗን ሸራ አልብሶ፣ ከኋላ አግዳሚ እንጨት መትቶ፣ በበጋ ወደ ኢተያና ወደ ሲሬ ገበያተኛ ያመላልስ ነበር። ስንዴ በሚታጨድበት ወራት ሸራውን ጠቅልሎ ወደ ላይ ስለሚያስረው፣ ተሳፋሪዎቹ ቅንድባቸው ድረስ አቧራ ለብሰው፣ እርስ በርሳቸው እየተያዩና እየተሳሳቁ ይወርዱ ነበር። ማታ ሲመለስ ከእኛ ጋር ከመቀመጡ በፊት መጀመሪያ እሷን ያጥባል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጣውንቴን አጥበህ ጨረስክ?» ትለው ነበር፤ እሱም ይስቅ ነበር። ስለ ጠዋቱ ድምፅ ስትጠይቀው ደግሞ፣ «እርጅና ነው፤ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ሲሞቃት ይተዋታል» ይላት ነበር።

ክረምቱ ገብቶ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ በቆጂ ያሉት የእናቴ አባት መታመማቸውንና ሳይሞቱ ደረጀን ማየት እንደሚፈልጉ የሚነግረን ሰው ላኩብን። ደረጀ ታናሽ ወንድሜ ነው። ገና መዳህ መጀመሩ ነበር፤ አባቴ መሪው ላይ ሲያስቀምጠው በሁለት እጁ እየመታ ከሞተሩ ድምፅ በላይ የሚጮህ፣ ወፍራም ልጅ ነበር። አንድ ፀሐይ የወጣበት ቀን ጠብቀን ሄድን። አያቴ ልጁን አቅፈው መረቁት፤ ጥቂት ቀን ሰንብተን ለመመለስ ስንነሳ ግን ሰማዩ ጠቁሮ ነበር።

ብዙም ሳንርቅ ዝናቡ ወረደ። አንድ ቁልቁለት ጨርሰን ከሥሩ ያለውን ወንዝ ስንሻገር፣ የጂፒቱ የኋላ እግር ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዷ ሰመጠ። አባቴ ባትሪዋ ደካማ ስለነበር ካጠፋት እንደማትነሳ ያውቃል፤ ስለዚህ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና ሸራውን ከውጭ ዙሪያውን በገመድ አጥብቆ አሰረልን። «ብርዱ እንዳይገባባችሁ» አለ። ከዚያ በሬ ያለው ገበሬ ፍለጋ ሽቅብ ወጣ።

እናቴ ደረጀን በጋቢ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስተኛችው። እኔ ራሴን ያመኝ ጀመር፤ ሁለቱም ጆሮ ግንዴ እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። «እማዬ፣ ሊያስመልሰኝ ነው» ስላት፣ ምላሷ እንደተሳሰረ ሰው ሆና፣ «ተኚ፣ ተኚ፣ ይተውሻል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ፊቴ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ነው። ከአባቴ ጋር በሬዎቹን ይዞ የመጣው የኦሮሞ ገበሬ ሸራውን ፈትቶ፣ አውጥቶ ሣር ላይ አስተኝቶኝ፣ ጀርባዬን እየመታ «ጀባዱ፣ ጀባዱ» ይለኝ ነበር፤ በርቺ ማለቱ ነው። እናቴ በጉልበቷ እየዳኸች ወጣች። ደረጀን ከጋቢው ገልጣ ስታየው ጉንጩ ቀይ ስለነበር የተኛ መሰላት፤ ልታጠባው ሞከረች። ልጁ የሞተ መሆኑን መጀመሪያ ያወቀው አባቴ ነው።

ለቅሶው ላይ «እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ» ተባለ። «ብርድ መቶት ነው» ያሉም ነበሩ። አንዲት ሴት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋቢው አፍኖት ይሆናል እኮ» ስትል እናቴ ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስ አለች። ጡቷ ወተት ማፍሰሱን አላቆመም ነበር፤ ጋቢውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስታጥፈውና ስትዘረጋው፣ ጨርቁ ላይ አፍና አፍንጫው የነበረበትን ቦታ በጣቷ ስትፈልግ ትውል ነበር። አባቴ ያያታል።

አደይ አበባው እያበበ ሳለ አንድ ጠዋት ደጅ ጠራኝና አጠገቡ ቁጭ አደረገኝ።

«ያን ዕለት ራስሽን ያመመሽ ስንሄድ ነው፣ ወይስ ከቆምን በኋላ?»

«አንተ ከወረድክ በኋላ ነው፣ አባዬ።»

«የሸተተሽ ነገር ነበር?»

«እንደ ጂፒቱ የኋላ ጭስ ይሸት ነበር» አልኩት።

ከዚያ ተነስቶ ሞተሩን አስነሳ። ያው የማውቀው «ጭክ፣ ጭክ» ተሰማ። ጆንያ ውኃ ውስጥ ነክሮ ከኋላ ጭስ የሚወጣበትን ቧንቧ ጠቀጠቀው፤ ያ ጭቃ ደፍኖት እንደነበረው ማለት ነው፤ ወዲያው ከመሬት ጋር ተለጥፎ ከሥር ገባ። ጭሱ መውጫ ሲያጣ፣ እናቴ ተቀምጣበት በነበረው አግዳሚ ሥር እባብ እንደሚነፋው ያለ ድምፅ ወጣ። አባቴ ሲወጣ ጣቱ ጥላሸት ሆኖ ነበር። ማርሚታው፣ ጭሱን ወደ ኋላ የሚወስደው ማለት ነው፣ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁ በላይ ያለው የወለሉ ቆርቆሮ ደግሞ ዝጎ ተበስቷል። የቀዳዳው ዙሪያ ጥቁር ነበር።

በማግስቱ የዛጉትን ብሎኖች እየሰበረ ቧንቧውን አወረደና አስበየደው፤ በመጋጠሚያው መካከል የነበረውን የተቃጠለ ማሸጊያ በአዲስ ቀይሮ፣ ወለሉንም በቆርቆሮ ደፍኖ መልሶ ገጠመው። እርጥቡን ጆንያ እንደገና ጠቅጥቆ ሲያዳምጥ ምንም አልተሰማም። ድምፁ ጠፋ። እጁን ሳይታጠብ ገብቶ እናቴ ፊት ተቀመጠ።

«አስካለ፣ ጋቢው አይደለም» አላት።

ቀና ብላ አየችው።

«ማርሚታዋ ተሰንጥቆ ነበር። ጭቃው የኋላውን አፍ ሲደፍነው ጭሱ እናንተ ጋ ገባ። ሞተሩን ያላጠፋሁት እኔ ነኝ። ሸራውንም ያሰርኩት እኔው ነኝ።»

እናቴ አላለቀሰችም። «ለምን ነገርከኝ? ዝም ብትል ማን ያውቅ ነበር?» አለችው።

«ራስሽን ስትበዪ እያየሁ እንዴት ዝም ልበል?»

ጋቢውን ከጭኗ አንስታ ወደ ጎን አደረገች፤ በጥላሸት የጠቆረውን እጁን በሁለት እጇ ያዘችና፣ «እኔንስ ገላገልከኝ። አንተን ማን ይገላግልህ?» አለችው።

የገላገለው አልነበረም። እናቴ ቀስ በቀስ መብላት ጀመረች፤ ከጊዜ በኋላ ሌላ ልጅ ወለደች፤ ሳቋም ተመለሰላት። አባቴ ግን በሸራው ጎንና ጎን መስኮት ቀደደበት፤ በቀጣዩ ክረምት ተሳፋሪው «በብርድ ልትጨርሰን ነው?» ሲለው፣ «ብርድ ይሻላል» ይል ነበር። በበቆጂ በኩል ዳግመኛ አልነዳም። ክረምቱ ሲያልፍ ጂፒቱን ሸጦ እህል ጎተራ ጠባቂ ሆነ። አዲሱን ልጅ ስንሰጠው ይቀበልና፣ ትንሽ ይዞት፣ አንድ ነገር የረሳ ሰው ይመስል መልሶ ይሰጠን ነበር።

ዛሬ ወደ በቆጂ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ነው፤ ያ ወንዝም ድልድይ አለው፤ ልጄ እየነዳ ሲወስደኝ የቱ ጋ እንደቆምን እንኳ ለይቼ ማሳየት አልችልም። የልጅ ልጆቼ ሲታመሙ ሐኪሙ መርምሮ የበሽታውን ስም ይነግረናል፤ ስሙን ስንሰማ ግማሹ ሸክም ይወርድልናል። በዚያ ዘመን ሕፃን ሲሞት ለምን ሞተ ብሎ የሚመረምር ብዙም አልነበረም፤ ሰው ሁሉን ለፈጣሪ ሰጥቶ አፈር አልብሶ ይመለስ ነበር፤ ያም አንድ መጽናኛ ነበር። አባቴ ያንን መጽናኛ ለእናቴ ሲል ተወው፤ በምትኩ ያገኘው ነገር የለም።