የግመል ጥላ

ከጭሮ የወሰዱኝ የማስተምረውን የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ሳልጨርስ ነው። መስኮት የሌለው የእስር ክፍል ውስጥ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን አምፖል ነበር። በከተማው መብራት በየጊዜው ይጠፋል፤ ይሄ አምፖል ግን ጄኔሬተር ተመድቦለት ጠፍቶ አያውቅም። ፊት መሸፈን ክልክል ነው። መምሸቱን የምናውቀው እራት ሲመጣ ብቻ ነበር።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የሚኤሶ ግመል አርቢ። መርማሪዎቹ ሽማግሌው ጎረቤታቸውን በሚወነጅል የምስክርነት ቃል ላይ በአውራ ጣታቸው እንዲፈርሙ ይፈልጋሉ። እሳቸው እምቢ ብለዋል። ግን እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል፤ ግድግዳውን በሟች ሚስታቸው ስም መጥራት ጀምረዋል። በማግስቱ ደግሞ ለምርመራ ይጠራሉ። ደንዝዘው እንዳይፈርሙ ፈራሁላቸው።

«መምህር፣ እኔ አበድኩ?» አሉኝ።

«አላበዱም አባቴ። አንጎል ውስጥ ከማሽላ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ እጢ አለች። ሲጨልም ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ታመነጫለች፤ ሰውነት መምሸቱን የሚያውቀው በእሱ ነው። ብርሃን ዓይን ላይ ካፈጠጠ ግን ታቆማለች።»

«እና መድኃኒቱ?»

«ጨለማ።»

እዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ማለቴ አሳፈረኝ። ለተራበ ሰው ስለ ምግብ ጥቅም እንደማስተማር ነበር።

ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «እኛ አገር ዛፉ ጥላ የለውም። ቀትር ላይ ግመል ይቆማል፣ እኛ ሥሩ እንተኛለን። ኢልመኮ፣ ልጄ፣ አንተ ረጅም ነህ። ግመል ሁን።»

ሳቅን። ከዚያ ተነስቼ በአምፖሉና በፊታቸው መካከል ቆምኩ።

ዘበኛው በበሩ ቀዳዳ አየኝ። «ለምን ቆምክ?»

«መቀመጥ ሰለቸኝ።»

መቆም አልተከለከለም። እግሬ ሲዝል ከክፍሉ እስረኞች አንዱ ተነስቶ ተተካኝ፤ ከእሱም ቀጥሎ ሌላው በተራው። ሽማግሌው አንኮራፉ። የሰው ማንኮራፋት ደስ ብሎኝ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

በማግስቱ ወሰዷቸው። ሲመለሱ ማናችንም ለመጠየቅ አልደፈርንም። እሳቸው ግን አውራ ጣታቸውን ወደ አምፖሉ አንስተው አሳዩን። ቀለም አልነካውም።

ከተፈታሁ በኋላ ዛሬም ያንኑ ትምህርት አስተምራለሁ። መብራት ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ያማርራል፤ እኔ ቤት ሻማ አይበራም። እጢዬ ግን ጨለማውን አሁንም አታምነውም፣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። አንዳንዴ ሳላስበው ተነስቼ አልጋው አጠገብ እቆማለሁ። ባለቤቴ «ምን ሆንክ?» ትለኛለች።

«ተራዬ ነው» እላታለሁ።