ፈውዚያ እና እንቢ ያሉት ታብሌቶች

ፈውዚያ ሱሩር የጉንደ ወይን ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ከመንገዱ ዳር በምትገኝ ሱቃቸው ጨርቅና ጫማ ይሸጡ ነበር፤ የእሷ ዓይን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያርፈው በሚሸጠው ዕቃ ላይ ሳይሆን በተበላሸው ላይ ነው። አንድ ቀን የአባቷን ሬዲዮ ፈታታ ስትገጥመው ብሎን ተረፋት። ሬዲዮው ግን ከበፊቱ ይልቅ ጥርት ብሎ ስለተናገረ አባቷ ሊቆጧት የከፈቱትን አፍ መልሰው ዘጉት። ከዚያ ወዲያ የጎረቤቱ ስልክም፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያም ሲበላሽ ወደ እነሱ ቤት መምጣት ጀመረ። ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር ስታጠና ከቤተሰቡ የተገረመ ሰው አልነበረም።

ሥራ ያገኘችው ደብረ ኤልያስ ነው፤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ቴክኒሺያን ሆና ተቀጠረች። እናቷ ወይዘሮ ከሪማ በየሳምንቱ እየደወሉ «መቼ ነው የምታገቢው?» ይሏታል፤ እሷም በየሳምንቱ «ኢንሻአላህ» ብላ ወሬ ትቀይራለች። ተማሪዎቹ «ቲቸር ፈውዚ» ይሏታል። ቀልድ ትወዳለች፤ ሥራ ከያዘች ግን የሰው ሰላምታ እንኳ አትሰማም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በትምህርት ቤቱ በኮምፒውተር ሊሰጥ በታሰበበት ዓመት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ በእርዳታ የተገኙ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችና ታብሌቶች በአይሱዙ ተጭነው መጡ። ዕቃዎቹ መልካም ነበሩ፤ ውስጣቸው ግን ተጠርጎ ባዶ ሆኗል። ሲበሩ ጥቁር ገጽ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ዓለምነው የመጨረሻው ካርቶን እስኪወርድ ጠብቀው ጠሯት።

«ፈውዚያ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ከዞን ሰዎች መጥተው ያዩናል። ለተፈታኞቻችን የሚበቃ የሚሠራ ማሽን ካገኙ ልጆቹ እዚሁ ይፈተናሉ። ካላገኙ ግማሾቹን ደብረ ማርቆስ ወስደን እዚያ ማሳደር ነው።»

«ኮምፒውተሮቹ ብቻቸውን አይበቁም?»

«አይበቁም። ታብሌቶቹም መሥራት አለባቸው።»

«እንግዲያው ይሠራሉ፣ ጋሼ» አለች። ይህን ስትል ታብሌቶቹን ገና ከካርቶናቸው አላወጣቻቸውም ነበር።

ወሬው ቶሎ ተሰማ። በማግስቱ የማታ ተማሪዋ የኔአለም ልጅዋን በጀርባዋ አዝላ ከኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ቆመች። የኔአለም ዳቦ ቤት ትሠራለች። ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጣ አግብታ፣ ከዓመታት በኋላ በራሷ ውሳኔ የተመለሰች ሴት ናት።

«ቲቸር፣ ማርቆስ ሊወስዱን ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«ገና አልተወሰነም።»

«ይኼ ገና ይጠባል» አለች ወደ ጀርባዋ እያመለከተች። «ይዤው ብሄድ ከፈተና ክፍል አያስገቡኝም፤ ትቼው ብሄድ የሚይዝልኝ ሰው እስከ ማታ ነው እንጂ ሌሊቱን አይችለውም። ከዚህ ከወጣን እኔ ቀርቻለሁ።»

ፈውዚያ ልታጽናናት ፈለገች፤ ባዶ ቃል ግን አልወጣላትም።

«ማንም የትም አይሄድም ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ጥናቱን ግን እንዳትተዪ። የእኔን ሥራ ለእኔ ተዪው።»

ሥራው በወረቀት ሲታይ ቀላል ነበር። አንድ ኮምፒውተር ዊንዶውሱም የፈተናው ፕሮግራምም ተጭኖለት ሙሉ በሙሉ ይዘጋጃል። የዚያ ኮምፒውተር ዲስክ እንዳለ ይገለበጥና ቅጂው ሰርቨር በሚባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ የሙያው ሰዎች ኢሜጅ ይሉታል። ከዚያ ሌሎቹ ማሽኖች ሲበሩ በባዶው ዲስካቸው ፈንታ በኬብል በኩል ሰርቨሩን ይጠይቃሉ፤ ሰርቨሩም ያን ቅጂ ይሞላላቸዋል። ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሰርቨሩን ያዘጋጀው አምደሚካኤል ነው፤ የፈውዚያ የኮሌጅ ጓደኛ ሲሆን አሁን የዞን ባለሙያ ሆኖ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይዞራል። ሰርቨሩን አስረክቧት ወደሚቀጥለው ወረዳ ሄደ።

ኮምፒውተሮቹ መጀመሪያ አስቸገሯት። ሰርቨሩን ይጠሩና መልስ ሳያገኙ ይቆማሉ። ኬብሉን ቀየረች፤ ኬብሎቹን የሚያገናኘውን ስዊች ቀየረች፤ ለውጥ የለም። በኋላ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዋይፋይ ራውተር አየችው። ማሽኑ «ማን ነኝ? ወዴት ልሂድ?» ብሎ ሲጠይቅ ከሰርቨሩ ቀድሞ የሚመልሰው እሱ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይነግረውም። ራውተሩን ነቀለችው። ኮምፒውተሮቹ በየተራ መሞላት ጀመሩ። ያን ቀን አቶ ዓለምነው በር ላይ ሆነው «በርቺ!» ብለው አለፉ።

ታብሌቶቹ ግን ሌላ ነገር ሆኑ። ለኔትወርክ ኬብል የሚሆን ቀዳዳ የላቸውም። በዚያ ላይ የቀድሞ ባለቤታቸው ከፍላሽ ፕሮግራም ወስደው እንዳይነሡ በይለፍ ቃል ዘግቷቸዋል፤ ክፍት የተተወው በኔትወርክ መነሣት ብቻ ነው። ስለዚህ በዩኤስቢ ቀዳዳቸው ላይ ኬብል የሚቀበል አዳፕተር መሰካት ነበረባት። ከከተማው ሱቅ የተገዙትን አዳፕተሮች አንድ በአንድ ሞከረች። ታብሌቱ ሲበራ የአዳፕተሩ መብራት እንኳ አይበራም።

ለአምደሚካኤል ደወለች።

«ተያቸው ፈውዚ» አላት በድካም ድምፅ። «እኔም ሌላ ቦታ ሞክሬ አቅቶኝ ነው። ታብሌቱ ባዶ እያለ የሚያውቀው ፋብሪካው ያስተማረውን ዓይነት አዳፕተር ብቻ ነው። እሱን ደግሞ እዚህ አገር የሚያስመጣው ያለ አይመስለኝም።»

«የትኛውን ዓይነት?»

«እሱን ባውቅማ!»

ፈውዚያ ደግሞ ስትቸኩል ጥንቃቄ ትረሳለች። በዚያው ቀን፣ አንዱ ታብሌት አዳፕተሩን እንዲያውቅ ልታስተምረው ብላ ከድሮ ፋይሎቿ ያገኘችውን የፋብሪካ ሶፍትዌር ጫነችበት። ሥራው መሃል ላይ ሳለ ታብሌቱ ጠፋ። አልበራም ብሎ ቀረ። ብትነካካውም፣ ብታሞቀውም፣ ቻርጅ ላይ ብታውለውም ሞቷል። ታብሌቱን ይዛ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄደች።

«ይኼን ገድዬዋለሁ፣ ጋሼ። ስህተቱ የእኔ ነው።»

አቶ ዓለምነው ታብሌቱን ገልበጥ አድርገው አዩትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ሌሎቹንስ?»

«ሌሎቹን በዚህ መንገድ አልነካቸውም። ማርቆስ ልሂድ። ያሉትን አዳፕተሮች ሁሉ እዚያው ልሞክራቸው።»

«ጭቃው እንደሆነ መኪና እየያዘ ነው።»

«በእግሬም ቢሆን እደርሳለሁ።»

በማለዳው ሚኒባስ ሄደች። ሰኔ ገብቶ መንገዱ ተቦክቷል፤ ተሳፋሪው ሁለት ጊዜ ወርዶ ገፋ፤ ፈውዚያም አንድ ደህና ታብሌት በፌስታል ጠቅልላ ከሂጃቧ ሥር ይዛ አብራ ገፋች። ማርቆስ ስትደርስ ከሱቅ ሱቅ ዞረች። ታብሌቱን ታበራለች፣ አዳፕተሩን ትሰካለች፣ መብራቱን ትጠብቃለች፣ ትነቅላለች። አንዱ ባለሱቅ ትግሥቱ አልቆ «እህቴ፣ ሁሉም አንድ ነው፤ ከወሰድሽ ውሰጂ፣ ካልወሰድሽ ሰው ይግባበት!» አላት። ሌላው ደግሞ ታብሌቱን ልትሸጥለት የመጣች መስሎት ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ለመጠለል ብላ አንድ የፕሪንተር ጥገና ቤት ገባች።

ባለቤቱ ወልደ ሰንበት ይባላሉ። ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሰው ናቸው። የያዘችውን አይተው «ምን ሆኖብሽ ነው?» አሏት። ነገረቻቸው። ሰምተዋት ሲጨርሱ ወደ ራሳቸው አሮጌ ላፕቶፕ ዞረው ከጎኑ የተሰካውን፣ ጠርዙ የተፋፋቀ አዳፕተር ነቀሉ።

«ይኼን እስቲ ሞክሪው። ከዕቃ ጋር ተቀላቅሎ የመጣልኝ ነው።»

ሰካችው። ታብሌቱን አበራችው። አዳፕተሩ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ቦግ አለች።

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች። በር ላይ ዝናብ የተጠለሉት ሁሉ ዞረው አዩዋት።

«ከየት ነው ሌላ የማገኘው?»

«ሌላ የለኝም። እንደዚህ ያለ ሌላ አይቼም አላውቅ» አሉ ወልደ ሰንበት። «ለፈተናው ከሆነ ግን ይዘሽው ሂጂ። የእኔም ልጅ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። ስትጨርሺ ትመልሺዋለሽ።»

ደብረ ኤልያስ ስትመለስ ነገሩ አለቀ ብላ ነበር። ታብሌቱ ሰርቨሩን አገኘና መነሣት ጀመረ፤ ኢሜጁን ሊያወርድ ሲል ግን «ኔትወርክ የለም» ብሎ ቆመ። ለፈውዚያ ይኼኛው ወዲያው ገባት። ታብሌቱ አዳፕተሩን ያውቀዋል፤ ከሰርቨሩ የሚላክለት መነሻ ፕሮግራም ግን አያውቀውም። አዳፕተሩን የሚያስተዋውቀውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ከወልደ ሰንበት ላፕቶፕ ላይ በፍላሽ ገልብጣ ስለመጣች መነሻው ውስጥ ጨመረችለት። እንደገና ሞከረች፤ ሄደ። መሃል ላይ ደግሞ ባትሪው አልቆ ጠፋ፤ አዳፕተሩና ቻርጀሩ የሚሰኩት በዚያው በአንዲት ቀዳዳ ነውና። ከዚያ ወዲያ ታብሌቶቹን ሁሉ ቀድማ ሙሉ ቻርጅ አደረገቻቸው።

የመጀመሪያው ታብሌት ተሞልቶ፣ ዊንዶውሱ ተከፍቶ፣ የፈተናው ፕሮግራም ወጣ። አዳፕተሩን ነቅላ ሁለተኛው ላይ ሰካችው። ሁለተኛው ተነሣ፤ ሰርቨሩን አገኘ፤ ምንም ሳይሞላ ተመልሶ ጠፋ። ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛውም።

ያኔ ነው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ የመጣው። የዞን ሰዎች የሚመጡበት ቀን ደርሷል። ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ የሰርቨሩን ስክሪን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያ ስልኳን አነሣች።

«አምዴ፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው ስም ነው የሚመጣው።»

«የምን ስም?»

«ሰርቨሩ ላይ ነዋ። ሁለተኛውን ስሰካ የሚያየው አንደኛውን ነው። ይኼ ተሠርቷል ብሎ ያልፈዋል።»

አምደሚካኤል አቋረጣት። «ቆይ፣ አዳፕተሩ ያው ነው?»

«ያው ነው። ሌላ ከየት አመጣለሁ?»

«በቃ! ሰርቨሩ የሚያውቀው አዳፕተሩን ነው እንጂ ታብሌቱን አይደለም። የሚለይበት ቁጥር አዳፕተሩ ላይ ነው ያለው።»

ፈውዚያ ሳቀች። «አንድ የፈተና መታወቂያ ለሁሉም እያስያዝኩ ነዋ የምልካቸው!»

«እንደሱ ነው። ታብሌቱ ግን ውስጡ የራሱ ቁጥር አለው። ሰርቨሩ በእሱ እንዲለያቸው ማዘዝ ይቻላል። የት ላይ እንደሚቀየር ፈልጌ ልደውልልሽ። እኔም እኮ ይኼን ብደርስበት ኖሮ ያን ጊዜ አልተዋቸውም ነበር።»

ደወለላት። እሱ እያነበበላት እሷ ቀየረች። ሁለተኛው ታብሌት በራሱ ስም ተነሣ፤ አጠገቡ የነበረውም ቀጠለ። በዚያች አንዲት አዳፕተር፣ አንዱን ስትነቅል ሌላውን ስትሰካ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ስታስነሣ፣ ምሳ የምትበላው ቆማ ሆነ። የሞተው ብቻ ቀረ።

የዞን ሰዎች መጥተው እያንዳንዱን አብርተው አጠፉት። አንደኛው «ታብሌቶቹ እንዴት ተሠሩ? ሌላ ቦታ አይሆኑም ነው የተባልነው» አለ። አቶ ዓለምነው በእጃቸው ወደ ፈውዚያ አመለከቱና «እሷን ጠይቋት፤ እኔ ቻርጅ ላይ ማዋል ብቻ ነው የተማርኩት» አሉ። ተማሪዎቹ እዚያው እንዲፈተኑ ተፈቀደ።

በሂሳብ ፈተና ቀን ኃይለኛ ዝናብ ነበር፤ መብራትም ሄደ። በኮምፒውተር የሚፈተኑት ጄኔሬተሩ እስኪነሣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ሰርቨሩና ለፈተናው መልሳ የሰካችው የዋይፋይ ራውተር በባትሪ ላይ ስለነበሩ በታብሌት የሚፈተኑት ቀና እንኳ አላሉም። የኔአለም ከእነሱ መሃል ነበረች። ስትወጣ እህቷ ልጁን ይዛ በረንዳው ላይ ትጠብቃት ነበር፤ ተቀብላው እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ አጠባችው።

«እንዴት ነበር?» አለቻት ፈውዚያ።

«ከበደኝ። ግን እስከ መጨረሻው ሠራሁት።»

ውጤቱ ሲመጣ የኔአለም በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላገኘችም፤ ለሪሚዲያል ግን በቃች። ልጁ ጡት ከተወ በኋላ ለእናቷ ትታው ሄደች፤ እያለቀሰች ሄደች ይባላል፣ ግን ሄደች። አምደሚካኤል ያን መንገድና የአዳፕተሩን ዓይነት ጽፎ ለየወረዳው ቴክኒሺያኖች አዳረሰው፤ ከመርጡለ ማርያም አንድ መምህር ደውሎ «እኛም ጋ ተነሡ» ብሎ ለፈውዚያ ነገራት። እሷ ደግሞ በዚያው መስከረም ለቅዳሜና እሁድ ዲግሪ ተመዘገበች። አሁን ዓርብ ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉን ቆልፋ፣ ለማርቆስ የሚሞላውን ሚኒባስ የፊት ወንበር ለመያዝ ስትሮጥ ትታያለች።