በቡና አልጋ ላይ ያሰጣሁት ዴክ

ዲላ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ዴክ የሚሠራ ሰው የለም። ይህን ስል የሚስቁ አሉ፤ ከሳቁት መካከል ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያሸነፉኝ ግን የአንድ እጅ ጣት አይሞሉም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ተቋርጧል። እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት፣ ሒሳቡን ከቡና ሚዛን፣ የካርዱን ጨዋታ ደግሞ ከገዛ በረንዳዬ ተማርኩት። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝ ኖሮ ምስጋናውን መካፈል ግድ ይሆንብኝ ነበር።

አሪቻ አካባቢ ባለ አንድ ቡና ማጠቢያ ሠላሳ ዓመት የማድረቂያ አልጋዎች ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጡረታ ስወጣ ዲላ ባለው ግቢዬ ሦስት ክፍል ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራየሁ። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተሰብስበው ካርድ ይጫወታሉ። መጀመሪያ ቁማር መስሎኝ ላስወጣቸው ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑት ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ቁማር ነው ይላሉ። እኔ ግን ወንበሬን ጠጋ አድርጌ ሁለት ሳምንት ዝም ብዬ አየሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱን ተከራዬን አሸነፍኩት።

«ፋዘር፣ ዕድል ነው» አለኝ።

በማግሥቱ ደገምኩት። ከዚያ ወዲያ ስለ ዕድል ያነሳብኝ የለም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ካርዶቹ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። እያንዳንዱ ተጫዋች ከእነዚያ ውስጥ ስልሳ መርጦ የራሱን ጥቅል ይሠራል፤ ዴክ የምንለው ያንን ነው። ዋናዎቹ ካርዶች እኛ ጋ ስለማይገኙ ፎቶ ኮፒ ቤት በቀለም እናሳትምና ፕላስቲክ ልባስ ውስጥ እንከታቸዋለን። ሁለቱም ተጫዋች በሃያ ነፍስ ይጀምራሉ፤ የሌላውን ነፍስ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ከካርዶቹ ብዙዎቹ «መሬት» ይባላሉ፤ ራሳቸው አይዋጉም፣ የሌላው ካርድ ዋጋ የሚከፈለው ግን በእነሱ ነው። ሌሎቹ ወታደሮች ናቸው፤ ወይ ያጠቃሉ ወይ ይከላከላሉ። የቀሩት በድንገት የሚጣሉ ናቸው። ከእነዚህ የእኔ መመኪያ «ጎርፍ» የምንለው ነበር። ተጋጣሚ ወታደሮቹን ለጥቃት ሲያወጣ እጥልበታለሁ፤ የወጡትን በሙሉ ጠርጎ ይወስዳቸዋል። ዋጋው አራት መሬት ነው። ዴኬ ውስጥ አራት ጎርፍ ነበረኝ።

ዴክ የምሠራው ቡና በማጠብበት መንገድ ነው። ቀይ እሸት ገንዳ ሲገባ ባዶው ፍሬ ይንሳፈፋል፤ ከላይ ሲያዩት ግን እንደ ሌላው ቀይ ነው። ካርድም እንዲሁ። ሥዕሉ ያምራል፣ ኃይሉ ትልቅ ነው፣ ልጆቹ ይሳሱለታል፤ ሲጫወቱበት ግን እጅ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። በደብተር እመዘግባለሁ። ሦስት ጊዜ ሥራ ፈትቶ እጄ ላይ የተገኘ ካርድ ይባረራል፣ ምንም ቢያምር። ልጆቹ ይህን ማድረግ አይሆንላቸውም፤ ካርድ ይወዳሉ። እኔ የምወደው ማሸነፍን ነው።

ባለፈው ዓመት በበልግ፣ ከተማችን ውስጥ አሥራ ስድስት ሰው የሚካፈልበት ውድድር ተዘጋጀ። አሸናፊው አንድ ሰው ዲላን ወክሎ አዲስ አበባ በሚደረገው ትልቁ ውድድር ይጫወታል ተባለ። አንድ ቦታ፣ ሁለተኛ የለም። ያንን ቦታ ፈለግኩት። እዚህ ባሸነፍኩ ቁጥር «ልጆቹ አክብረዋቸው ነው» የሚል አይጠፋም። አዲስ አበባ ማን ያከብረኛል? እዚያ የሚያሸንፈኝም የምረታውም ሳያዝንልኝ ነው። ምን እንደሆንኩ በእርግጠኝነት የማውቀው እዚያ ብቻ ነበር።

ያን ሰሞን ዝናቡ አላባራ አለ። እርጥበቱ ካርዶቹ ውስጥ ገባና ልባሳቸው ላይ መጣበቅ ጀመሩ፤ ሲበወዙ እንደ እርጥብ ቅጠል ነው። የውድድሩ ዕለት ጠዋት ግን ጸሐይ ወጣች። ጓሮዬ ውስጥ ለራሴ ቡና የምጠቀምባት አንዲት ባለ ሽቦ ማድረቂያ አልጋ አለች። ስልሳውንም ከልባሳቸው አውጥቼ አሰጣኋቸው። ምርጦቹን ጸሐይ ቀድማ በምትነካው ጠርዝ፣ መሬቶቹን መሐል።

ያ ያሸነፍኩት ተከራዬ ጥርሱን እየፋቀ መጣ። «ፋዘር፣ ዴኩን አሰጡት እንዴ?»

«እርጥበቱ እንደ ቡና አሥራ አንድ ተኩል በመቶ ሲደርስ ይነሣል።»

«ቢያገላብጡትስ ታዲያ?»

«ቡና ማድረቅ ልታስተምረኝ ነው?» አልኩት። ልጁ ትክክል ነበር። ያልተገላበጠ ነገር በአንድ ወገን እንደሚደርቅ ለስንቱ ሠራተኛ ጮኼ ያስተማርኩ ሰው ሳላገላብጥ፣ ልብስ ልለብስ ገባሁ። ስመለስ ደርቀዋል። ሰብስቤ ልባሳቸው ውስጥ ከተትኩና ሄድኩ።

ውድድሩ የነበረው አንድ የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ተጋጣሚዎች እንዴት እንደጣልኩ ብተርክ ወረቀት ማባከን ነው። ለመጨረሻው ግጥሚያ ፊቴ የተቀመጠችው የፋርማሲ ተማሪ ነበረች፤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ጸጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች። ዴኳ ፈጣን ነው፤ ትንንሽ ወታደሮች በብዛት ታወጣና ሳትተነፍስ ትመታለች። እውነቱን ልናገር፣ ከእኔ ቀጥሎ በከተማው ጎበዟ እሷ ነበረች። በዚያ ክረምት ትመረቃለች፤ ከዲላ ልትጫወት የምትችለው የመጨረሻ ውድድር ይህ መሆኑን አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። ሁለት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ቦታውን ይወስዳል።

የመጀመሪያውን አሸነፍኩ። ሁለቴ አጠቃች፣ ሁለቴ ጎርፍ ጣልኩባት።

«አባባ፣ የውኃ ቦኖ ነዎት» አለችኝ እየበወዘች። ሰው ሳቀ።

በሁለተኛው ጨዋታ አምስተኛ ተራዬ ላይ ካርድ ለመሳብ እጄን ዘረጋሁ። አውራ ጣቴ ላዩን ካርድ ገና ሲነካው ምን እንደሆነ አወቅኩ። ጠርዙ ብድግ ብሏል። የደረቀ ቡና በመዳፌ ይዤ ስንት ቀን እንደቀረው የምናገር ሰው ነኝ፤ የጎበጠ ወረቀት እንዴት ይሰወረኛል? ጠርዝ ላይ ያሰጣኋቸው አሥራ አንዱ ምርጦች ጎብጠዋል። ከታች ያለው ቀጥ ያለ ነው፤ መሬት። ከእሱ በታች ሌላ የጎበጠ። ሳልስበው ሦስት ካርድ ወደፊት አየሁ።

እጄን መለስኩ።

«አባባ፣ ተራዎ ነው» አለች።

ማንም አላየም። እሷም ዴኬን ስትቆርጥ አልታወቃትም፤ የልጅ ጣት ነው። ዝም ብል ጨዋታውም ቦታውም የእኔ ነው። ጻድቅ ነኝ አልልም፤ ሌላ ነገር ነው የያዘኝ። በዚህ መንገድ ባሸንፍ ያሸነፈው የጎበጠ ወረቀት እንጂ እኔ አይደለሁም። ለዚያ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ምን ያስኬደኛል?

እጄን አወጣሁ። «ዳኛ!»

ዳኛው የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው፤ ረጋ ያለ ሰው። ጎንበስ አለ። «አቤት ጋሼ።»

«ካርዶቼ ምልክት አላቸው። ጸሐይ አጉብጣቸዋለች። ጣቴ ያውቃቸዋል።»

ዴኩን አነሣ፣ ዳሰሰ፣ በዓይኑ አስተካክሎ አየ። «እኔ ምንም አይታወቀኝም።»

«አንተ ቡና አድርቀህ አታውቅማ።»

«የመጀመሪያው ጨዋታስ ላይ?»

«ያኔ አላስተዋልኩም። ካስተዋልኩ በኋላ አንድም ካርድ አልሳብኩም።»

ልጅቷ ሁለታችንንም አፈራርቃ አየች። «አባባ፣ ምን ነካዎት? ዝም አይሉም ነበር?»

ዳኛው ትንፋሹን ሳበ። «ደንቡ ግልጽ ነው ጋሼ። ይህ ጨዋታ ለእሷ ይቆጠራል። የጎበጡት ይወጡና በምትካቸው ከእኛ ሣጥን ተራ መሬት ይገባል። አሥር ደቂቃ አለዎት።»

ጥግ ላይ ወስዶኝ አንድ በአንድ አወጣን። አራቱም ጎርፎች። ትልልቆቹ ወታደሮቼ፣ ከሁለቱ በቀር። ያ ሁሉ ወር የመረጥኩት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተከመረ፤ በቦታው አሥራ አንድ መሬት ገባ። ገለባ የተሞላ ጆንያ ይዤ ወደ መቀመጫዬ ተመለስኩ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶልኛል፤ የትኞቹ እንደወጡ ያወቅነው እኔና ዳኛው ነን። እሷ አታውቅም።

ሦስተኛው ጨዋታ ተጀመረ። መሬት ሳብኩ። መሬት። መሬት። ተከራዬ ከኋላዬ ቆሞ ሲቁነጠነጥ ይሰማኛል። ሁለቱ የቀሩልኝ ትልልቅ ወታደሮች መጡልኝና አቆምኳቸው፤ እሷ ግን እስከዚያ አድምታኝ ነበር። ነፍሴ ሦስት ሆነ። የእሷ አምስት። ጠረጴዛዋ ላይ አራት ወታደር አላት፣ እያንዳንዱ በሁለት የሚመታ። አራቱንም ከላከች ሁለቱን እገታለሁ፣ ሁለቱ ያልፋሉ፣ አለቀልኝ። እጄ ላይ ሁለት ካርድ አለ። ሁለቱም መሬት።

መሬቶቹን ጠረጴዛው ላይ ላወርዳቸው እችል ነበር። አላወረድኳቸውም። ቀድሞ ያወረድኳቸውን አራት መሬቶች ሳልነካ ተውኩ፣ ልክ የጎርፍ ዋጋ፤ ሁለቱን ካርዶች ደረቴ ላይ ያዝኳቸውና «ጨርሻለሁ» አልኳት።

ማጠቢያው ጣቢያ ሳለሁ ገዢ ሲመጣ ከቡናው በፊት የሚያየው የእኔን ፊት ነበር። ከፊቴ ያነበበ ገዢ ግን የለም። ያንን ፊት አወጣሁ።

ተራዋ ሆነ። ካርድ ሳበች። አራቱን ወታደሮች በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻቸው። አራቱን መሬቶቼን ቆጠረች፣ እንደገና ቆጠረች።

«አለ አይደል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ጎርፉ።»

«ነይና እይው።»

«አባባ!»

«ምን? አራት ወታደር አለሽ፣ ሦስት ነፍስ አለኝ። እኔ አንቺን ብሆን እስካሁን አሸንፌ ወጥቼ ነበር።»

«ይቺን ዘዴ ይወዷታል» አለች፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። ከኋላ አንዱ «ፊታቸው ግድግዳ ነው እኮ!» ብሎ ሲያንሾካሹክ ዳኛው ዝም አሰኘው።

መዳፌ ስለራሰ ካርዶቹ እንዳያንሸራትቱኝ በጣም ጨበጥኳቸው፤ መልሼ ደግሞ መጨበጤን እንዳታይብኝ ላላ አደረግኩ። የጠየቀችው ሰው ከግማሽ ሰዓት በፊት ራሱን ያጋለጠ ነው። ያንን እያሰበች እንደነበር አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ሰው «ነይ» ሲል እውነቱን ነው ብላ እንድታስብ ፈለግኩ። አዎ፣ ሐቀኝነቴን መሣሪያ አደረግኩት። ካርድ ሲያልቅ ያለውን ነው የሚጥሉት።

ሁለት ወታደር ገፋ አደረገች። ሁለቱን አስቀረች።

«በእነዚህ» አለች።

ትንፋሼን እንዳልለቅ ራሴን ያዝኩ። ሁለቱን በሁለቱ ገታኋቸው፤ የእሷ ወደቁ፣ የእኔ ቆሙ። በተራዬ ሌላ መሬት ሳብኩ። ሁለቱን ላክሁ፤ በቀሩት ሁለቱ አገደቻቸው፣ እነሱም ወደቁ። ጠረጴዛዋ ባዶ ሆነ። አሁን አንድ ካርድ ብቻ ነው የሚያድናት። ዓይኗን ጨፍና ሳበች። ገለጠችው። መሬት ነበር። እንዳየችው ከንፈሯን ነከሰች።

በቀጣዩ ተራ ሁለቱን ወታደሮች ወደፊት ገፋሁ። የሚያግዳቸው አልነበረም፤ አምስቱም ነፍሷ አለቀ።

አዳራሹ ሲጮኽ እሷ አልተነሣችም። እጇን ዘርግታ ካርዶቼን ቀማችኝና ገለበጠቻቸው።

«መሬት» አለች። «መሬት! ሁሉም መሬት!» ፊቷ ቀላ። «ቅድም እውነቱን ሲናገሩ አይቼ እኮ ነው ያመንኩዎት!»

«ቅድም ስለ ካርዶቹ ጉብጠት ተናገርኩ። እጄ ላይ ምን እንዳለ መቼ ነገርኩሽ?»

«አውቀው ነው!»

«ታዲያ ሳላውቅ ነው የማሸንፈው?»

ካርዶቿን ሰበሰበች፣ እርሳሱን ከጸጉሯ መዛ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሳትጨብጠኝ ወጣች። ለመቆጣት ምክንያት ነበራት። አራቱንም ብትልካቸው ኖሮ ቦታው የእሷ ነበር፤ ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ እሷ ታውቀዋለች።

ዳኛው የአዲስ አበባውን ቅጽ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ብዕሩን ከፍቶ ሳይጽፍ ቆየ።

«ጋሼ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጅቷ ዘንድሮ መመረቋ ነው። እርስዎ ለከርሞም እዚሁ ነዎት። አንዳንዶች ቦታውን ቢለቁላት እያሉ ነው። እኔ አላስገድድዎትም።»

«አንዳንዶቹ ተጫውተዋል?»

«አልተጫወቱም።»

«በእኔ ዕድሜ ‹ለከርሞ› የሚባል ነገር እንደሌለስ ነግረሃቸዋል?»

ወደ ቅጹ ጎንበስ አለ።

«ልጅቷን የሚወስዳት ሌላ መንገድ አለ፤ ጎበዝ ናት፣ ወጣት ናት። እኔን የሚወስደኝ ይህ ወረቀት ብቻ ነው። ደግሞም አሸንፌዋለሁ፤ በጎበጠ ካርድ ሳይሆን በባዶ እጅ። ጻፍ።»

ስሜን ጻፈ። ዕድሜ የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሰባ አንድ» አልኩት። «ደመቅ አድርገህ ጻፈው፤ እዚያ ያሉት ስህተት እንዳይመስላቸው።»