ሐምዳን የጠጣው ፈቃድ

በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ብኸይታ ባሏ ከሞተ በኋላ ሆሞሻ መንደር፣ ቁርኣን አስተማሪውና መድኃኒት አዋቂው ፈቂህ ባቢከር ዘንድ ሦስት ዓመት ሕክምና ተማረች። ቁስል ማጠብ፣ ትኩሳት ማብረድ፣ የተሰበረ ማሰር። ፊደል ግን አላስቆጠሯትም። ስትጨርስ ኢጃዛ ሰጧት፤ ተምራለችና በሽተኛ ትንካ የሚል የምስክር ቃል ነው። ያለ እሱ ሴት ባዳ ወንድ ታክም ዘንድ የሚፈቅድ መንደር አልነበረም። ወረቀት ከሱዳን ነጋዴዎች እስኪመጣ ብለው ቁርኣን በሚጻፍበት የእንጨት ሰሌዳ፣ በሉሕ ላይ በቀለም ጻፉላት።

በዚያው ሰሞን መንጌ በሚባለው መንደር የወርቅ ጉድጓድ ተደርምሶ ሐምዳን የሚባል ጎልማሳ እግሩ ተሰበረ። ብኸይታ ሉሑን ታቅፋ ገሰገሰች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

ሉሑን በሽተኛው ራስጌ አስቀምጣ፣ እግሩን የምታስርበት ቀርከሃ ልትቆርጥ ወጣች። ስትመለስ ሉሑ ላይ አንድ ፊደል የለም። የሐምዳን እናት ዓዲላ ባዶ ቅል ይዛ ቆማለች።

«ምን አደረግሽ?»

«አጥቤ አጠጣሁት። ፈቂህ በሉሕ የጻፉት ታጥቦ ለበሽተኛ አይደል እንዴ የሚጠጣው? አንቺው አይደለሽም ያመጣሽው!»

የቁርኣን ጽሑፍ አጥቦ ማጠጣቱስ ልማድ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። የመንደሩ ታላቅ ሼህ ሱለይማን ብዙ አስበው ፈረዱ፤ ፈቃዱ አልጠፋም፣ ሐምዳን ሆድ ውስጥ ነው፤ እንግዲህ ወጌሻው እሱ ነው፣ እሷ እንዳትነካው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በማግስቱ ጥርሱን ያመመውም ወገቡን የያዘውም ሐምዳን ደጅ ተሰለፈ። ሐምዳን እግሩ አብጦ ይጮኻል።

በሦስተኛው ቀን መረረው።

«ሼህ፣ ወጌሻው እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አዝዣለሁ፤ ብኸይታ እጄ ትሁን!»

የራሳቸው ፍርድ ነውና ብኸይታን አስጠሩ። እግሩን አቅንታ አሰረችው፤ በሁለት ወሩ ተራመደ። ሌላ ኢጃዛ ይጻፍልኝ ብላ ሆሞሻ ብትልክ፣ ፈቂህ «ለአንድ ትምህርት ሁለት አይሰጥም፤ ያለውን ጠብቂ» ብለው መለሱላት።

ስለዚህ መንጌ ቀረች። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሲታመም የሚጠራው ሐምዳን ነበር። እሱ ደጃፍ ተቀምጦ «ፈቅጃለሁ» ይላል፣ እሷ ገብታ ትሠራለች። ዶሮውም ምርቃቱም ለእሱ። ደግ ሰው ነበርና ዶሮውን ይሰጣታል፤ ምርቃቱን ግን ከየት አምጥቶ ይስጣት? እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሐምዳን ሲሞት ሼህ ሱለይማን «ፈቃዱ አብሮ ተቀበረ፤ ከእንግዲህ ማንንም እንዳትነካ» አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ከአህያ ወድቀው፣ የተሰበረ ክንዳቸውን ይዘው ደጇ መጡ።

«መቃብሩ ያውና! ይሂዱና ያስፈቅዱ» አለቻቸው። በንዴት እንባዋ ይወርድ ነበር፤ እጇ ግን ክንዳቸውን በቀርከሃ ማሰር ጀምሯል። ሼህ ለመሄድ ሲነሱ ደህናውን እጃቸውን ሳብ አድርጋ፣ «አርፈው ይቀመጡ፣ ገና አስሬ አልጨረስኩም» አለች።