መንገዱ ጋ ሳይደርስ የጠፋው የሐና ሬዲዮ

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማችን ፓርኪንግ ሎት ላይ፣ የያዝኩት ሬዲዮ ድምፁ ጠፍቶ «ሽሽሽ» ሲል እልል አልኩ። ጎረቤቶቼ ምን እንዳሉኝ እግዜር ይወቅ።

ልጄ ሐና ትንሽ የኤፍ ኤም ማሰራጫ ራሷ ሠርታለች። አባቴ ስልክ መነካካት አይወዱም፤ የሚወዱት ሬዲዮ ነው። እሷ ሳሎን ሆና ዜና ስታነብላቸው እሳቸው መኝታ ቤት ሆነው ያዳምጣሉ።

ወንድሜ በመኪና ግማሽ ሰዓት ከምትርቀው አሌክሳንድሪያ መጥቶ ይህን ሲያይ፣ «ኃይሉን ጨምሪው እንጂ፣ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ!» አላት። እሱ ቴሌቪዥን እንኳ የሚከፍተው ለሰፈሩ ነው።

«ኖ አጎቴ፣ ላይሰንስ የለኝም። ያለ ላይሰንስ የሚፈቀደው እዚሁ ቅርብ የሚሰማ ደካማ ሲግናል ብቻ ነው።»

«ማን ያውቅብሻል?»

ሐና ሬዲዮ አስያዘችኝና፣ «ማሚ፣ እኔ ሳነብ ይዘሽው ውጪ። መንገዱ ጋ ደርሰሽም ከተሰማሽ እቀንሰዋለሁ» አለችኝ።

መንገዱ ጋ ሳልደርስ ድምጿ ጠፋ። እንዴት እንደኮራሁባት!

ወንድሜ «ከግቢ የማያልፍ ሬዲዮ ምን ያደርጋል?» እያለ ሲያጉረመርም፣ አባቴ ከመኝታ ቤት ብቅ አሉ።

«እኔ ጋ ደርሷል። ሌላ የት ሊደርስ ነው?»

የእናንተስ ልጆች በምን አኮሯችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ወንድሜን ታግ አደርገዋለሁ።